ከማቆያው የወጣው ወይን በስሏል ወይስ አልቆለታል?

ጥያቄ፦ «አነስተኛ የወይን ጠጅ ማምረቻ አለኝ። ከየዓመቱ ምርት ጥቂት ካርቶን ሳልሸጥ አስቀራለሁ። ሰሞኑን የቆዩትን አውጥቼ ቀመስኩ። የ12 ዓመቱ ቀይ ግሩም ሆኖ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ከዚያው ካርቶን ሌላ ስከፍት ግን ነፍስ የሌለው ነገር ገጠመኝ። ብዙ ተስፋ የጣልኩበት ጠንካራው የ9 ዓመት ቀይ ደግሞ ፍሬው ጠፍቶ አፍ ማድረቅ ብቻ ቀርቶታል። ‹ይህ እንኳ ቶሎ ይጠጣ› ብዬ የናቅሁት የ10 ዓመት ቀላል ነጭ በተቃራኒው አምሮበታል። ግራ ገባኝ። እነዚህ ወይኖች በስለዋል ወይስ ሞተዋል? ‹የቆየ› ብዬ ልሽጣቸው ወይስ ልድፋቸው?»

ምላሽ፦

ምንም አይድፉ፤ ገና ነው። የገጠመዎት ነገር የቆየ ወይን ያለው ጠማቂ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሙያተኞች እንዲህ ያለውን የማቆያ ክምችት «ላይብረሪ» ይሉታል። ትልልቆቹ አምራች ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ያደርጉታል። በፈረንሳይ ቦርዶ ያለው ሻቶ ላፊት በምድር ቤቱ ከ1797 ጀምሮ ያሉ ጠርሙሶች አሉት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚያም ቢሆን የሚያሳፍር ጠርሙስ አይጠፋም።

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀዋል። የ12 ዓመቱ ቀይ የጠርሙስ ጉዳይ ነው። የ9 ዓመቱ ምናልባት የወይኑ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እናየዋለን። ነጩ ጥሩ ዜና ነው። ሆኖም ለምን እንደተሳካልዎት ካላወቁ አይደግሙትም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ወይን በርሜል ውስጥ እያለ አንድ ነው። ጠርሙስ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ጠርሙስ የየራሱን ኑሮ ይኖራል። ከ10 ዓመት በኋላ ብርጭቆዎ ውስጥ ያለው የወይኑም የጠርሙሱም ውጤት ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ቀምሰው በአንድ ዓመት ምርት ላይ አይፍረዱ። ጥሩ ሆኖ ቢያገኙትም አይፍረዱ። በጥሩው ጠርሙስ ተታልሎ ሙሉ ካርቶን «ገና ይቆይ» ያለ ሰውም ብዙ ነው።

አሁን ወደ 12 ዓመቱ ቀይ። ወይኑ አንድ፣ የታሸገበት ቀን አንድ፣ ካርቶኑ አንድ። የተለየው ቡሹ ነው። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነውና ሁለት ቡሽ እኩል አየር አያሳልፍም። ደግሞ አየሩ ከውጭ ብቻ አይመጣም። ቡሹ ተጨምቆ ጠርሙሱ አንገት ውስጥ ሲገባ በራሱ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ የነበረው ኦክስጅን በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ወይኑ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ይህ እንግዲህ ቡሹ ደህና ከሆነ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያንን ኦክስጅን የሚጠባበቅ፣ ጠማቂው የሚጨምረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል መከላከያ አለ (ባጭሩ ሰልፈር እለዋለሁ)። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ይበሉት። ኦክስጅን በገባ ቁጥር የተወሰነው ያልቃል። እሱ ካለቀ ቀጥሎ የሚጠቃው ፍሬው ነው። አንዱ ቡሽ ትንሽ ላላ ካለ ያ ጠርሙስ በ7ኛው ዓመት ያለ ጠባቂ ይቀራል። ጎረቤቱ በ12ኛውም ጥቂት ሰልፈር ይዟል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ይህንን በዓይን ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። የአውስትራሊያ የወይን ምርምር ተቋም በ1999 የተመረተ ሴሚዮን ነጭ ወይን ወስዶ በ14 ዓይነት መክደኛ ዘጋው። የተፈጥሮ ቡሽ፣ ሰው ሠራሽ ቡሽ፣ የሚጠመዘዝ ክዳን ሁሉም ነበሩበት። ከ10 ዓመት በኋላ ጠርሙሶቹ ተደርድረው የተነሱት ፎቶ በሙያው ውስጥ ዝነኛ ነው። በአንዱ ጫፍ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ በሌላው ጫፍ ጠቆር ያለ ቡኒ ይታያል። ወይኑ ያው ነው። የተለየው አናቱ ላይ ያለው መክደኛ ብቻ ነው። የሚጠመዘዘው ክዳን ሰልፈሩንም ቀለሙንም ከሁሉ በተሻለ ጠብቋል። እሱም ግን የራሱ ጣጣ አለው። አየር እጅግ ሲነፈገው ወይኑ የተጫረ ድንጋይ ወይም የላስቲክ ሽታ ሊያወጣ ይችላል።

«ነፍስ የሌለው» ያሉት ጠርሙስ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አየር የበላው ከሆነ ዓይንዎ ይነግርዎታል። ከጥሩው ጠርሙስ ይልቅ ቀለሙ ወደ ቡኒ ያደላል። የሚሸተው ተቆርጦ ያደረ አፕል ነው፤ አለዚያም ለውዝ። ቀለሙ ከጥሩው ጋር አንድ ሆኖ ፍሬው ብቻ ከታፈነ ግን ቲሲኤ የሚባለውን ውህድ ይጠርጥሩ። ሻጋታ ቡሽ ላይ ያገኛቸውን የክሎሪን ውህዶች ሲለውጥ የሚፈጠር ነው። በአንድ ሊትር ወይን ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ይበቃዋል። ሲበዛ እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ይሸታል። ሲያንስ ደግሞ ራሱ አይሸትም፤ ወይኑን ዝም ያሰኘዋል እንጂ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ጠጥቶ «አርጅቷል» ይላል። ዕድሜ ምንም አላደረገውም። የ2 ዓመት ወይንም እንዲሁ ይሆናል።

የቀሩትን ጠርሙሶች ሳይከፍቱ መለየትም ይቻላል። ብርሃን ፊት ያቁሟቸውና የወይኑን ከፍታ ያነጻጽሩ። በ12 ዓመቱ ወይኑ አንገቱ ውስጥ መሆን አለበት። ወደ ትከሻው የወረደ ካለ ቡሹ ሲያሳልፍ ነበር ማለት ነው። እሱን ለብቻው ያውጡ። ነጭ ከሆነ ቀለሙም ከመስታወቱ ውጭ ይታያል። ከፍተው ቡሹን ሲያወጡ ደግሞ ጎኑን ይመልከቱ። የወይን መስመር ከታች እስከ ላይ ከዘለቀ መንገዱ እሱ ነበር።

አንዳንድ ቤቶች ለዚህ መላ አላቸው። የአውስትራሊያው ፔንፎልድስ ከ1991 ጀምሮ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ቀይ ወይኖቹን ከደንበኞች እየተቀበለ ይመረምራል። ጠርሙሱ ይከፈታል፣ ጥቂት ይቀመሳል፣ ጤነኛ ከሆነ ጎዶሎው ተሞልቶ አዲስ ቡሽ ይገባለታል። በጣሊያን ሞንታልቺኖ የቢዮንዲ ሳንቲ ቤተሰብ በ1927 ሪዘርቫ የሚባሉ ለማቆየት የተመረጡ የቆዩ ጠርሙሶችን በዚያው ዓመት ወይን እየሞላ እንደገና መድፈን ጀመረ። እኔ ግን ለትንሽ ማምረቻ አልመክረውም። መክፈት ራሱ ኦክስጅን ማስገባት ነው። ኦክስጅን በሌለው ጋዝ እየጠበቁ ካልሠሩት ሊያድኑት ያሰቡትን ወይን ያፋጥኑታል። ደረጃው የወረደውን ጠርሙስ ቶሎ ቢጠጡት ይሻላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን «በሰለ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንይ። የ9 ዓመቱን ለመረዳት ያስፈልገናል።

ቀይ ወይን ወጣት ሳለ ሐምራዊ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት አንቶሲያኒን የሚባሉ ውህዶች ቀስ በቀስ ከታኒን፣ ማለትም አፍ ከሚያደርቀው የወይኑ ክፍል ጋር ይያያዛሉ። ቀለሙም ወደ ጡብ፣ ከዚያ ወደ ዝገት ያዘነብላል። መሟሟት ያቃተው ክፍል ወደ ታች ይወርዳል። ጠርሙሱ ወገብ ላይ የሚያዩት አተላ እሱ ነው። አተላ ስላዩ አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ደህና ምልክት ነው። ከቡሹ ሥር የሚያብረቀርቁ ጠጠሮች ካገኙም የመስታወት ስባሪ አይደሉም። የወይኑ የራሱ አሲድ ከፖታስየም ጋር ሆኖ የሠራቸው ክሪስታሎች ናቸው። ነጭ ወይን ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ቀይ ከዕድሜ ጋር ሲገረጣ ነጭ ይጠቁራል። በጣም የቆየ ቀይና በጣም የቆየ ነጭ በመጨረሻ ወደ አንድ ዓይነት ቡናማ ቀለም ይጠጋሉ።

ሽታው ላይ የሚሆነው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ወጣት ወይን ላይ የሚያስደስተን ትኩስ የፍሬ መዓዛ በአብዛኛው እርሾው ሲጠምቅ የፈጠራቸው ኤስተር የሚባሉ ውህዶች ናቸው። እነሱ ዕድሜ የላቸውም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ይፈርሳሉ። ማንም ጠማቂ አያቆማቸውም። በሌላ በኩል የወይኑ ፍሬ ከማሳው ይዟቸው የመጣ፣ ከስኳር ጋር ታስረው የማይሸቱ ውህዶች አሉ። አሲዱ ዓመት በዓመት እስራቱን ይፈታል። ያኔ ሌላ ዓይነት መዓዛ ብቅ ይላል። ሪዝሊንግ የሚባለውን ነጭ ወይን የላምባ ሽታ ያውቁ ይሆናል። ቲዲኤን ከሚባል ውህድ የሚመጣ ነው፤ ወጣቱ ወይን ውስጥ እምብዛም አይታይም። የቆየ ቀይ ላይ ያለው የእንጉዳይና የጥቁር ወይራ ጠረንም እንዲሁ ከጊዜ ጋር ከሚለቀቅ የሰልፈር ውህድ በከፊል ይመጣል። ቆዳ፣ ትምባሆ፣ የደረቀ በለስ፣ እርጥብ አፈር የሚባሉት ሁሉ በኋላ የደረሱ ናቸው።

ስለዚህ ከአንድ የቆየ ወይን ጋር ሲፋጠጡ ጥያቄው «ፍሬው አለ ወይ?» ብቻ አይደለም። ፍሬው መሄዱ የታወቀ ነው። በቦታው ምን መጣ? የሄደውን የሚተካ ከመጣ ወይኑ በስሏል። የሄደው ሄዶ ባዶ ቦታ ከቀረ አልቆለታል። እኔ ሌላ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

እንግዲህ የ9 ዓመቱ ቀይ። «ጠንካራ» ብለውታል። ገና ሲጠመቅ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አፍ የሚይዝ ነበር ብዬ ልገምት። ምናልባት ፍሬው ተክሉ ላይ በጣም እስኪበስል ተጠብቋል፤ ምናልባትም አዲስ በርሜል ገብቷል። ብዙ ጠማቂ እንዲህ ያለውን ወይን «ይህ ነው የሚቆየው» ብሎ ለማቆያ ይመርጠዋል። ታኒን ያቆየዋል ይላል። ታኒን ኦክስጅንን ይመክታል፤ እውነት ነው። የጎደለውን ግን አይሞላም። ታኒኑ ሊለሰልስ ይችላል፣ ላይለሰልስም ይችላል። የታኒኑ ሰንሰለት ሁልጊዜ እየረዘመ ብቻ አይሄድም፤ አሲድ ውስጥ ይሰበራልም። ፍሬው ቀድሞ ካለቀ ታኒኑ ራቁቱን ይቀራል። ያኔ የሚሰማዎት ያ ደረቅ አፍ ነው። ከዚያ በኋላ 10 ዓመት ተጨማሪ ቢጠብቁ ፍሬው ተመልሶ አይመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ይጠይቁ። ሲታሸግ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ስንት ነበር? በጣም የበሰለ ፍሬ አሲዱን ያጣል፤ ፒኤቹም ከፍ ይላል። ይህ ጣዕምን ብቻ የሚነካ እንዳይመስልዎት። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ተሕዋስያንን የሚያጠቃው ሞለኪውል በሆነው መልኩ ነው። ያ መልክ ፒኤች 3.2 ላይ ከነጻው፣ ማለትም ከሌላ ውህድ ጋር ካልታሰረው ሰልፈር ወደ 4 በመቶ ይሆናል። 3.8 ላይ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ያው መጠን ሰልፈር ጨምረው ጥበቃው በ4 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ጠንካራ የመሰለዎት ወይን ደካማ መሠረት ላይ ቆሞ ነበር።

በዚያ ሁኔታ ብሬታኖማይሲስ የሚባለው እርሾ ይደሰታል። ትንሽ ስኳር ከቀረና ወይኑ ካልተጣራ ጠርሙስ ውስጥም ሥራውን ይቀጥላል። ፍሬውን ይሸፍንና የጋጣ፣ የፈረስ ላብ፣ የቁስል ፕላስተር ሽታ ያመጣል። ይህን ሽታ «የዕድሜ ጠረን» ብለው የሚያወድሱ አሉ። አይደለም። በርሜል ውስጥ የገባ እንግዳ ነው። የእርስዎ ወይን አፍ የሚያደርቅና ከመጨረሻው መረር የሚል ከሆነ ይህንንም ይጠርጥሩ። ላቦራቶሪ በቀላሉ ይለየዋል።

በእርግጥ ሕግ የሚጥስ ወይን አለ። ሼቫል ብላን የተባለው የቦርዶ ቀይ ወይን የ1947 ምርት በሞቃት ዓመት የተሰበሰበ ነው። አልኮሉ ከ14 በመቶ ያልፋል፣ ስኳር ቀርቶበታል፣ ወደ ኮምጣጤ የሚያደላ አሲድም አለበት። በወረቀት ላይ ብልሽት ነው። ሆኖም ከክፍለ ዘመኑ ታላላቅ ወይኖች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። እኔ ግን በዚያ ተስፋ ላይ ክምችት አልገነባም።

ነገር ግን ቶሎ አንፍረድ። ቀይ ወይን በመካከለኛ ዕድሜው የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ወጣትነቱ ሄዷል፣ ብስለቱ አልደረሰም፤ ዝም ይላል። 9 ዓመት ለዚህ የተለመደ ዕድሜ ነው። የሞተውን ከተኛው ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ግማሽ ብርጭቆ ይቅዱ፣ በሳህን ይክደኑት፣ ወዲያው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላና በማግስቱ ይቅመሱት። የተኛ ወይን አየር ሲያገኝ ይናገራል። ማታ ከነበረው ጠዋት ይሻላል። ያለቀለት ወይን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይነሳና ወዲያው ይወድቃል። በማግስቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ይህንን በሁለት ጠርሙስ ይሞክሩት። ሁለቱም ከወደቁ ወይኑ ነው። አንዱ ብቻ ከወደቀ ተመልሰን ቡሹ ላይ ነን።

ወደ ነጩ እንምጣ። ይህን በደስታ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም የነጭ ወይን ዕድሜ ሁልጊዜ ይናቃል። «ቀላል» ያሉት ነገር አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ አሲዱ ከፍ ያለ፣ በርሜል ያልነካው መሆኑን ይመስለኛል። ያ ደግሞ ለመቆየት የተፈጠረ ወይን ነው። በአውስትራሊያ የሃንተር ሸለቆ ሴሚዮን የዚህ ምሳሌ ነው። ፍሬው ቀደም ብሎ ይለቀማል። አልኮሉ 10 ወይም 11 በመቶ ገደማ ነው። ወጣት ሳለ ውሃ የሚመስል፣ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ እምብዛም የማያስደስት ወይን ነው። በ10 ዓመቱ ግን የተጠበሰ ዳቦና ማር ይሸታል። የማያውቅ ሰው «በርሜል ገብቷል» ብሎ ይከራከራል። በርሜል አላየም። ጥሩ ሪዝሊንግም እንዲሁ ነው። ዝቅተኛ ፒኤች ከላይ ያልነውን ሰልፈር በሙሉ ኃይሉ ያሠራዋል። ስኳር ካለበት ደግሞ ዕድሜው ይበልጥ ይረዝማል።

ተቃራኒውም አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩ ብዙ ውድ የፈረንሳይ ቡርጎኝ ነጭ ወይኖች ገና በጥቂት ዓመታት ቡኒ ሆነው ተገኙ። አንዱ ጠርሙስ ደህና፣ ጎረቤቱ የሞተ። የወይን ነጋዴዎችንና ሰብሳቢዎችን ያስለቀሰ ጉዳይ ነው። ቡሹም፣ የሰልፈር መቀነስም፣ የአጨማመቅ ለውጥም በምክንያትነት ተነስተዋል። ስምና ዋጋ ወይን አያቆዩም። የእርስዎ «የተናቀ» ነጭ ከእነዚያ ብዙዎቹን ሳይበልጥ አልቀረም።

ስኳርና ቅዝቃዜ ምን ያህል እንደሚያቆዩ ማየት ከፈለጉ የባልቲክ ባሕር ሻምፓኝ ታሪክ አለ። በ2010 በፊንላንድ አላንድ ደሴቶች አቅራቢያ በሰመጠች መርከብ ውስጥ 168 ጠርሙስ ሻምፓኝ ተገኘ። ቭቭ ክሊኮ፣ ኤድሲክና ዡግላር የተባሉት ቤቶች ምርት ነው። ወደ 170 ዓመት ገደማ በቀዝቃዛና ጨለማ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የተመረመረው ወይን በሊትር ወደ 150 ግራም ስኳር ነበረው፤ ብሩት የሚባለው ስኳሩ ያነሰ የዛሬው ሻምፓኝ ከ12 ግራም አያልፍም። መጀመሪያ ሲከፈት የእንስሳና የእርጥብ ፀጉር ሽታ አወጣ። ብርጭቆ ውስጥ ሲወዛወዝ ግን ጭስ፣ ቆዳ፣ ቅመም፣ ከዚያም ፍሬና አበባ መጣ። መጀመሪያ ሽታው ላይ የደፋው ሰው ይህን ሁሉ ያጣ ነበር።

አቀማመጥን በአጭሩ። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበት 70 በመቶ ገደማ፣ ጨለማ፣ ቡሽ ከሆነ የተጋደመ። ከሁሉ የሚጎዳው የሙቀት መውጣትና መውረድ ነው፤ ወይኑ ሲሰፋና ሲኮማተር ቡሹን ይፈትነዋል። «ሞቅ ያለ ቦታ ባኖረው ቶሎ ይበስላል» የሚል ካለ አይስሙት። ሙቀት ሁሉንም ለውጥ እኩል አያፋጥንም። ቶሎ ያረጀ ወይን ያገኛሉ፤ የበሰለ አያገኙም። ነጭ ወይን ጥርት ባለ መስታወት ካሸጉ ብርሃን በሰዓታት ውስጥ የተቀቀለ ጎመን ሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ወይ ጥቁር ጠርሙስ ይጠቀሙ ወይ በካርቶኑ ይተዉት።

አሁን በትክክል እንደገና ይቅመሱ። ከእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ጠርሙስ ያውጡ። ቀዩን ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ አተላው ይውረድ። የቆየ ቡሽ በተለመደው ጠምዛዛ መክፈቻ ይፈረካከሳል። ሁለት ቀጭን ምላስ ያለው፣ ቡሹን ከጎንና ከጎን ይዞ የሚያወጣው መክፈቻ ይሻላል። ከወጣት ወደ ሽማግሌ ይሂዱ፤ ለውጡ ደረጃ በደረጃ ይታያችኋል። በተቃራኒው የሚሄዱም አሉ፤ እኔ ይህኛው ይቀናኛል። «ይታያችኋል» ያልኩት ብቻዎን እንዳይቀምሱ ነው። የራስን ወይን የቀመሰ ሰው ፍሬውን በትዝታ ይሞላዋል። ስሙ የተሸፈነ ብርጭቆ ለሌላ ሰው ይስጡና መጀመሪያ እሱ ይናገር። በጣም የቆየውን ቀይ ቀድሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አይገልብጡት። የቀረው ጥቂት መዓዛ እራት ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል።

ስለ ሽያጩ እንነጋገር። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። በስፔን ሪዮሃ ሕጉ ግራን ሬዘርቫ ለሚባለው ረጅም ለሚቆይ ቀይ ቢያንስ 5 ዓመት ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት በበርሜል ነው። በ1877 የተመሠረተው የሪዮሃው ሎፔስ ዴ ኤሬዲያ ግን ከሕጉ በላይ ይጠብቃል፤ ግራን ሬዘርቫዎቹ ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው ነው ለገበያ የሚወጡት። ሌላው የስፔን ቤት ቬጋ ሲሲሊያም ኡኒኮ የተባለውን ወይኑን ወደ 10 ዓመት ገደማ ያቆየዋል። እነዚህ ቤቶች ወይኑን ሲጠምቁ ጀምሮ ለዚያ ዕድሜ ነው የሚጠምቁት። ሳይሸጥ የቀረን ወይን «የቆየ» ብሎ ማውጣት ሌላ ነገር ነው፤ ገዢውም ከመጀመሪያው ብርጭቆ ያውቀዋል።

የእርስዎን ሦስቱን እንዲህ አደርጋለሁ። የ10 ዓመቱን ነጭ ግማሹን አሁን ይሽጡ፣ ግማሹን ያቆዩ። የ12 ዓመቱን ቀይ ከፍታውን ለይተው አንገት ላይ ያሉትን ብቻ ይሽጡ፤ ለገዢውም የተበላሸ ካጋጠመው እንደሚተኩለት ቃል ይግቡ። ለመተኪያ የሚሆን ጥቂት ሳይሸጡ ይያዙ። ከዚህ በላይ አያስረዝሙት። ካርቶኑ ውስጥ ልዩነት መታየት ከጀመረ በየዓመቱ የሚሞተው ቁጥር ይጨምራል። የ9 ዓመቱን የማግስት ፈተና ይወስንለታል። ከወደቀ በቆየ ስም አይሽጡት።

ለሚቀጥለው ምርት ደግሞ ሦስት ነገር ይቀይሩ። በሚታሸግበት ቀን ፒኤቹን፣ ነጻ ሰልፈሩን፣ የቡሹን ዓይነትና የምድብ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ምርት ጥቂቱን በሚጠመዘዝ ክዳን ያሽጉ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ወይኑንና ቡሹን የሚለይልዎት ምስክር እሱ ነው። ከተቻለ ጥቂት በባለ 1.5 ሊትር ጠርሙስ ያስቀሩ። አንገቱ ከተለመደው ብዙም አይሰፋም፤ ወይኑ ግን እጥፍ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሊትር የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል፣ ዝግ ብሎ ይበስላል። ቁጥሩንም አስቀድመው ያስቡት። በየ2 ዓመቱ ሁለት ጠርሙስ ከከፈቱ ባለ 12 ጠርሙስ ካርቶን በ12 ዓመት ያልቃል። ለሽያጭ የሚቀር ከፈለጉ አንድ ካርቶን አይበቃም።

የ9 ዓመቱን በሁለት ጠርሙስ ከሞከሩት በኋላ ሲታሸግ የነበረውን ፒኤች፣ በበርሜል የቆየበትን ጊዜና በማግስቱ ያገኙትን ሽታ ይጻፉልኝ። ብሬታኖማይሲስ ከሆነ በርሜሎቹን በተመለከተ ሌላ ረዘም ያለ ወሬ አለን፤ ያው እርሾ ዘንድሮ የጠመቁት ውስጥም ሊኖር ይችላልና።